ፍየል፣ ማንጎና የእናቴ ፕሬዠር

ግንቦት 10፣ እሑድ

ሐሳቡ የመጣው ከስልክ ነው። አንዲት ፈረንጅ የአሳማ ሥጋ፣ አናናስና ፖም ፕሬዠር ኩከር (በእንፋሎት ግፊት ቶሎ የሚያበስል ድስት) ውስጥ ከተተች፣ ከደነች፣ በ40 ደቂቃ እራት አወጣች። እኔን የማረከኝ ሰዓቱ ነው። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል ስገባ ቤቴ ገና የቀኑን ሙቀት እየተፋ ይቀበለኛል። ድሬዳዋ በግንቦት 35 ዲግሪ ውስጥ ውሎ መጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ከሚንተከተክ ድስት ጋር መፋጠጥ የሚችል ይሞክረው። እኔ በቃኝ።

አሳማውን ወዲያው ተውኩት። እዚህ ሳቢያን ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ አለ። ሁለቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን። በሥጋ ነገር የአንዳችን ቢላ ለሌላችን አይሆንም። አሳማ ላይ ግን አራታችንም አንድ ነን። ከየት እንደሚገኝ እንኳ ልጠይቅ ብል ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሐረር እናቴ ዘንድ ይደርሳል።

ስለዚህ ፍየል። ከፍየሉም ወርች። ሴትዮዋ የተጠቀመችው የአሳማውን ትከሻ ነበር። ትከሻ በየትኛውም እንስሳ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሥጋ ስለሆነ ጅማቱ ብዙ ነው። ጅማቱ በእርጥብ ሙቀት ሲቆይ ይቀልጥና መረቁን ያወፍራል። ልዩነቱ ስቡ ላይ ነው። አሳማ የራሱን ስብ ይዞ ይመጣል። የኛ ፍየል ተራራ ሲወጣ ሲወርድ የከረመ ስለሆነ ምንም የለውም።

ፕሬዠሩ የእናቴ ነው። በባቡሩ ዘመን ከጅቡቲ የመጣ፣ ወፍራም አልሙኒየም፣ ታቹ ላይ 5 ሊትር የሚል ተቀርጾበታል። ስትሰጠኝ «እኔ ፈርቼው ነው ያስቀመጥኩት፣ አንተ ግን ደፋር ነህ» አለችኝ። ምርቃት ይሁን ማስጠንቀቂያ አልገባኝም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ። አንደኛ ሙከራ

አንድ ኪሎ ወርች ከነአጥንቱ፣ ሁለት ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ሁለት የበሰለ ማንጎ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። ሴትዮዋ እንዳደረገችው ሁሉንም አንድ ላይ ከተትኩ። ከደንኩ። ቡታጋዙን ለኮስኩ።

አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። ፊሽካው ዝም። አሥራ አምስት። ዝም። ከዚያ የመጣው ድምፅ ሳይሆን ሽታ ነው። የተቃጠለ ስኳር ሽታ።

ስከፍተው ማንጎው የለም። ቀልጦ ገንፎ ሆኗል፣ ገንፎውም ድስቱ ቂጥ ላይ እንደ ሬንጅ ተለጥፏል። ሥጋው ከላይ ጥሬ፣ ከታች ከሰል። በዳቦና በእንቁላል አደርኩ።

የግቢው ሴቶች አዴ የሚሏት ጎረቤቴ በሩ ላይ ብቅ አለች። (አንቱ ማለት የለም። ድሬ ላይ አዛውንትም አንተ ነው፣ አንቺ ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን አንቱ ብያት «ምን አጠፋሁ?» ብላኛለች።)

«አቦ፣ ምንድን ነው የምታቃጥለው?»

«ሥጋ በማንጎ።»

«ማንጎው ምን አደረገህ?»

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ምግብ የለም። ፈትጌ ፈትጌ ክንዴ ዛለ። እየፈተግኩ ግን አሰብኩበት።

ፕሬዠር የሚሠራው በእንፋሎት ነው። እንፋሎት የሚመጣው ደግሞ ከቀጭን ፈሳሽ ነው። የማንጎ ገንፎና ስኳር ውኃውን አወፈሩት፣ የወፈረ ነገር ታች ቁጭ ብሎ ይቃጠላል እንጂ አይዘዋወርም። ወጥ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ልዩነቱ ተራ ድስት ውስጥ ከፍተህ ታማስላለህ። እዚህ ተቆልፎብሃል።

ሁለተኛው ነገር ለምን አላፏጨም የሚለው ነው። ክዳኑን አገላብጬ ማስተንፈሻ ቀዳዳውን በመብራት አየሁት። መብራቱ አያልፍም። ግማሹ የማንጎ ቃጫ ነው፣ እሱ የትናንት ነው። ሌላው ግማሽ ነጭና ድንጋይ የመሰለ ነው። የድሬን ውኃ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ውስጡን ኖራ የሚቀባው ያው ነው። እናቴ ድሬ እያለች ጥቂት ጊዜ ቀቅላበት ኖሯል። ሎሚ ጨምቄበት አሳደርኩት። ጠዋት በስፌት መርፌ ጠቅ ጠቅ ሳደርገው እየተፈረፈረ ወጣ።

ይህ ቀልድ አይደለም። ቀዳዳው ተደፍኖ ክዳኑ ቢገጥም ኖሮ እንፋሎቱ መውጫ ያጣ ነበር። ዕቃውን በ1679 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ያሳየው ዴኒ ፓፔን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ማስተንፈሻ ቫልቩንም ያሰበው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ የለንደን ሊቃውንት በዚሁ ድስት የተሠራ እራት በልተው አጥንቱ እንደ አይብ ለስልሶ አገኙት ይባላል። እኔ ገና ሥጋው ላይ ነኝ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ። ሁለተኛ ሙከራ

ማንጎ የለም፣ ስኳር የለም። ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ብቻ። ፍሬውን ለመጨረሻ።

ፊሽካው እንደገና ዝም። በዚህኛው ግን ምክንያቱ ታየኝ። በክዳኑ ዙሪያ፣ ከእጀታው በስተግራ፣ እንፋሎቱ ቀጭን ምላስ አውጥቶ ሹልክ ይላል። ጎማው ነው። አውጥቼ ሳጥፈው ጠርዙ ላይ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጠቀ። ከእኔ ጋር እኩያ ሳይሆን አይቀርም።

መጣል ሲገባኝ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ዘይት ቀብቼ እንደገና ሞከርኩ። ለአምስት ደቂቃ ያዘ። ከዚያ ምላሱ ተመለሰ። መስነፍ አይጠቅምም። ሥጋውን ወደ ተራ ድስት ገለበጥኩና ሁለት ሰዓት ተኩል ተንተከተከ። ሌሊቱን በላብ አለፍኩት።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ምሳ ሰዓት ላይ ጎማ ፍለጋ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ፀሐዩም ከላይ ከታች ነው። ሦስት ሱቅ ሞክሬ ያልሆነ ልኬት ሰጡኝ። አራተኛው ሽማግሌ ግን አሮጌውን ጎማ ቀማኝ፣ መሬት ላይ ዘረጋው፣ በስንዝር ለካው፣ ከተሰቀለ ክምር ውስጥ አንዱን መዞ ወረወረልኝ። «እንዳትስበው። ዘይትም እንዳትቀባው፣ ይበላዋል።» ትናንት ቀብቼዋለሁ አላልኩትም። ዋጋውን አልጽፍም፣ ይህን በምታነቡበት ጊዜ ተለውጧል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አብሮኝ ነበር፣ ሶማሌ ነው። መጋላ ሰፈር ምሳ ገባን። እሱ የፍየል ሥጋ በሩዝ፣ እኔ ፓስታ። ሙዝ መጣለት። ላጠው፣ በእጁ ቆረሰው፣ ከሩዙና ከሥጋው ጋር አብሮ ጎረሰው።

ይህን በሕይወቴ ስንት ጊዜ አይቻለሁ? ድሬ የኖረ ሰው ሁሉ አይቶታል። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ፍሬና ሥጋን ማን አገናኘው እያልኩ የፈረንጅ ቪዲዮ አገላብጣለሁ።

«ሙዙ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ለምንድን ነው ማለት?» አለኝ። አልገባውም። ሚጥሚጣ ለምንድን ነው ብዬ እንደጠየቅኩት አየኝ።

ቆይቶ ግን አሰበበትና «ሥጋው ሲያቃጥልህ ያበርዳል፣ ሲደርቅብህ ያረጥባል» አለኝ። ሙዙን ማብሰል ይቻላል ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ። ነጥቡ ይኸው ነው። ጥሬውን ነው የሚበሉት፣ ከሳህኑ ጎን። ፍሬ እሳት የሚፈልገው ጥቂት ነው፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይፈልግም።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ። ሦስተኛ ሙከራ

ጎማው ገጠመ። ክዳኑ ሲዞር ቅጭ አለ። ሥጋውን መጀመሪያ በዘይት ጠበስ ጠበስ አደረግኩት፣ ቡናማ እስኪሆን። አውጥቼ ሽንኩርቱን እዚያው አቁላላሁ። ታች የያዘውን በእንጨት ማንኪያ እየፈቀፈቅኩ ውኃ ጨመርኩበት። ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው፣ ካልተፈቀፈቀ ደግሞ የሚያርረውም እሱ ነው።

በስምንተኛው ደቂቃ መጣ። መጀመሪያ ትንሽ ይተነፍሳል። ከዚያ ማስተንፈሻ ቀዳዳው ላይ የሚቀመጠው ክብደት ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አንድ ረጅም ፉጨት፣ ግቢው ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ እየሮጠ የሚመጣበት። እሳቱን ቀነስኩ፣ እስኪያጉረመርም ብቻ። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ልቤ ቀጥ አለ፣ ከዚያ በቡታጋዝ መሆኔ ትዝ አለኝ። በስቶቭ ቢሆን አልቆልኝ ነበር።

ስህተቴ መጨረሻ ላይ ነው። ስለራበኝ ክዳኑን ቧንቧ ሥር አድርጌ በቀዝቃዛ ውኃ አበረድኩት። ሹሹሹ አለ፣ ተከፈተ። ሥጋው በስሏል፣ ግን ገመድ ገመድ ይላል። ኋላ ሲገባኝ፣ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ባንዴ ይገነፍላል፣ በሥጋው ውስጥ ያለው ውኃ ጭምር። እርጥበቱን ይዞት ይወጣል። ስብ ያለው የአሳማ ሥጋ ይህን ይችለው ይሆናል። ፍየል አይችልም።

ማንጎውን ከፍቼ ጨመርኩ። እሱ ጥሩ ነበር። ግን ጣፋጭ ብቻ። ከሥጋው ጋር አይነጋገርም።

ግንቦት 17 እና 18

ብልጥ ለመሆን ሞከርኩ። ጥሬ ፓፓያ ሥጋ ያለሰልሳል ሲባል ሰምቼ ፍቄ ሥጋውን በእሱ አሽቼ አሳደርኩት። እውነት ነው፣ ያለሰልሳል። ነጭ ፈሳሹ ውስጥ ፓፔይን የሚባል ሥጋን የሚፈታ ነገር አለ። ጥሬ አናናስም ተመሳሳይ አለው፣ ብሮሜሌን ይባላል። ሁለቱም ከፈላ በኋላ ይሞታሉ። ለዚያ ነው የቆርቆሮ አናናስ ሥጋ የማይፈታው።

ሌሊቱን ሙሉ ግን አይሆንም። ጠዋት ሥጋው በጣት ሲነካ እንደ እርጥብ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ሲበስል ላዩ ሽሮ፣ ውስጡ ያው ፍየል። አንድ ሰዓት ይበቃው ነበር። ፓፓያ ከዚህ ማስታወሻ ወጥቷል።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ሃምሳው ስላላለቀ ረቡዕም ሥጋ ይበላል። ይህ ሥራ በሰኔ የሐዋርያት ጾም ከገባ በኋላ ቢጀመር ኖሮ እስካሁን ሁለተኛው ሙከራ ላይ ነበርኩ።

አዴ ማታ መጣች። የእኔን ሥጋ አትቀምስም፣ እኔም የእሷን። ስለዚህ ምግቤን የምትመዝነው በአፍንጫዋ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋት። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ኮምጣጣ ነገር የለውም።»

«ሎሚ ልጨምር?»

«ሎሚ ይጮኻል። ሁመር አድርግበት።»

ወደ ቤቷ ገብታ በፌስታል የተጠቀለለ ጥቁር ቡናማ ነገር አመጣችልኝ። ሁመር፣ ሮቃ የሚሉትም አሉ። እንደ ቴምር የሚጣበቅ፣ ፍሬው ውስጡ ያለ፣ ቃጫ ቃጫ። ድሬ ላይ በበጋ በጥብጠን በበረዶ የምንጠጣው። ለሥጋ አስቤው አላውቅም።

ጭብጥ የሚሞላውን በሞቀ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ሩብ ሰዓት ማቆየት፣ በእጅ ማሸት፣ በወንፊት ማጥለል። ፍሬውና ቃጫው ይቀራል፣ ከታች ወፈር ያለ መረቅ ይወርዳል። ጣትን ሲልሱት መጀመሪያ መንጋጋን ይቆነጥጣል፣ ቀጥሎ ይጣፍጣል።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ። አምስተኛ ሙከራ

ያገኘሁት ይኸው፣ በሠራሁት ቅደም ተከተል።

12 ሰዓት ላይ ሥጋውን መጥበስ ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ሄል፣ ትንሽ ቀረፋ፣ እርድ፣ ከሙን። ቀረፋው እንዳይበዛ፣ ሻይ ይሆናል። ታቹን ፈቅፍቄ አንድ ብርጭቆ ተኩል ውኃና ግማሹን የሁመር ውኃ። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ እንዳይሞላ፣ አለበለዚያ አረፋው ቀዳዳው ድረስ ይወጣል። ከፉጨቱ በኋላ እሳቱን ቀንሼ 25 ደቂቃ። ከዚያ ማጥፋትና መተው። አለመንካት። አሥር ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ ክብደቱ ሲነካ ዝም እስኪል። በዚያ ሰዓት ሩዝ ይበስላል።

ክዳኑ ሲከፈት ሥጋው ከአጥንቱ ተለቋል፣ ግን ቅርጹ አልፈረሰም። እሳቱን እንደገና ለኩሼ፣ ክዳን ሳልከድን፣ የቀረውን ሁመርና አንድ ማንጎ በትንንሹ ቆርጬ ጨመርኩ። ማንጎው የጠነከረ፣ ግማሽ የበሰለ መሆን አለበት። ከኤረር የሚመጣው ገና ሲጀምር እንደዚያ ነው። አራት ደቂቃ። ጠርዙ ሲለዝብ ማውጣት። አንድ ቃሪያ ከላይ።

ከመጀመሪያው እሳት እስከ ሳህን 58 ደቂቃ። 40 ደቂቃ የሚሉት ውሸት ነው። ድስቱ እስኪግል የሚፈጀውንና እስኪበርድ የሚፈጀውን አይቆጥሩትም። ግን ከ58ቱ ውስጥ እሳቱ አጠገብ የቆምኩት ሃያው ብቻ ነው። ቀሪውን ደጅ፣ ወንበር ላይ፣ ካናቴራ ለብሼ።

ሙዙን ጎኑ አደረግኩት። ጥሬውን።

ግንቦት 24፣ እሑድ። ሐረር

ለእናቴ ላሳያት ፕሬዠሩን በፌስታል አንጠልጥዬ ሚኒባስ ገባሁ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ አየሩ ተለወጠ፣ አወዳይ ስንደርስ ጃኬት ያልያዝኩት አናደደኝ።

ያው ሥጋ፣ ያው ሁመር፣ ያው 25 ደቂቃ። ስከፍተው ገና ይጎትታል። እናቴ አንድ ቁራጭ ወስዳ ረጅም ጊዜ አኘከች። «ጥሩ ነው» አለች፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው።

ነገሩ ከፍታው ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። ክፍት ድስት ላይ ውኃ ድሬ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሐረር በ94። ፕሬዠሩ ከውጭው አየር ግፊት በላይ ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ የውጭው አየር ሲቀል ውስጡም ይቀንሳል። ድሬ ላይ 119 የሚደርስ ድስት ሐረር ላይ 118 እንኳ አይሞላም። ጥቂት ይመስላል። ጅማት ላይ ግን ይታወቃል። የተለመደው ልክ ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ለሰዓቱ ከመቶ አምስት መጨመር ነው። ከድሬ ሐረር ሲታሰብ ሦስት ደቂቃ መሆኑ ነው።

መልሼ ከደንኩት። ሦስት ደቂቃ። ከፈትኩት።

እናቴ ሁለተኛውን ቁራጭ ስትበላ አልተናገረችም። ሦስተኛውን አነሳች። ማንጎውን ግን እየለቀመች ጠርዝ ላይ አደረገችው። «ይሄን ከምግብ በኋላ እበላዋለሁ፣ እንደ ሰው።»

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ነገ ዓረፋ ነው። አዴ ፕሬዠሩን ልትዋስ መጣች። መጀመሪያ በአመድ፣ ቀጥሎ በሎሚ፣ ቀጥሎ በሳሙና ራሷ አጠበችው። ጎማውን ለብቻ፣ ክብደቱን ለብቻ፣ ቀዳዳውን በመርፌ። እኔ ባጥበው አታምነኝም፣ ልክም ናት። ደቂቃዎቹን ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ወረቀቱን አጥፋ መሀረቧ ውስጥ ቋጠረችው። እንደማታነበው አውቃለሁ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ፉጨቱ በግድግዳው በኩል 5 ሰዓት ከ10 ላይ ጀመረ። ቆጠርኩ። 25 አለፈ። 28 አለፈ። 33 ላይ ግድግዳውን አንኳኳሁ።

«አዴ! አልፏል!»

«ያንተ ፍየል ነው! የኔ አውራ በግ ነው! አቦ ተወኝ!»